«ሽ» የሚለው ቅዱስ

«ቅዱስ ዶናቶ ‘ሽ’ ይላል የሚል ሰው እዚህ ቤት ማካሮኒ አይበላም!»

አያቴ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። ወይኑ ከብርጭቆው ዘሎ የዶን ቼሌስቲኖ ቀሚስ ላይ አረፈ። ዶን ቼሌስቲኖ የመንደራችን ቄስ ነው፤ እሁድ እሁድ ቀድሶ ሲያበቃ ምሳውን እኛ ቤት ነበር የሚበላው።

«እኔ ምን አረኩ?» አልኩ። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው፣ አፌ ግን የሰባ ዓመት ነበር። «ሲል ሰማሁት አልኩ እንጂ እኔ አስተማርኩት?»

«የት ነው የሰማኸው?»

«ድልድዩ ጋ፣ ጸሎት ቤቱ ውስጥ።»

«ሐውልቱ አፍ አውጥቶ ተናገረ?»

«አዎ።»

«እንደነዚያ?» አያቴ በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ ማዶ ጠቆመ። «እንደነዚያ ተናገረ?»

«ቁርጥ እነሱን። ‘ስሚኝ’ አላለም፣ ‘ሽሚኝ’ ነው ያለው።»

ዶን ቼሌስቲኖ የአፍ መጥረጊያውን አፉ ላይ ጠቅጥቆ ሳል ጀመረ። አክስቴ ኦርቴንሲያ ምድጃው ጋ ቆማ ስጎ ታማስል ነበር፤ ጭልፋው ከእጇ አመለጠና ወለሉን ቀይ በቀይ አደረገው። ፊቷ ደግሞ በተቃራኒው፣ ጠብ የሚል ደም የለውም።

እኔ ያን ፊት አይቼ በሆዴ «አወቀች» አልኩ። ምኑን አወቀች? ልትሞት መሆኑን ነዋ።

ቆይ፣ ከስሩ ልጀምርላችሁ።

መንደራችን ሳን ዶናቶ ይባላል። ከኛ በታች፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሌላ መንደር አለ፤ እሱም ሳን ዶናቶ ይባላል። መንግሥት ሰሌዳ ላይ አንዱን ላይኛው፣ አንዱን ታችኛው ብሎ ጽፏል፤ እኛ ግን ራሳችንን ላይኛው ብለን ጠርተን አናውቅም። እኛ ሳን ዶናቶ ነን፣ እነሱ «እነዚያ» ናቸው። እነሱም እኛን እንደዚያው። እናትና አባቴ ጀርመን አገር ፋብሪካ ይሠሩ ስለነበር የገና ቸኮሌት ይልኩልኛል፤ ፖስታ ቤቱ ሁሌ ወደ ታች ይወስደዋል። ከታች ወደኛ ሲመጣ ካርቶኑ ተከፍቶ፣ እንደገና በገመድ ታስሮ፣ ውስጡ ካለው ጥቂት ተቀንሶ ነው። «አይጥ ነው» ይላሉ። ወረቀት ልጦ የሚበላ አይጥ!

የጠቡ መነሻ ደግሞ ይቺ ናት። ቅዱስ ዶናቶ በዱሮ ዘመን በእግሩ ሲሄድ ውሃ ጠማው። ታች መንደር ለምኖ ከለከሉት፤ ወደኛ ወጣ፣ ሰጠነው፣ ባረከን። ስለዚህ የኛ ነው። እነዚያም ይህንኑ ታሪክ ቃል በቃል ያወራሉ፤ ልዩነቱ ከልካዮቹ እኛ መሆናችን ብቻ ነው።

ሌላው ምላሳቸው ነው። እነዚያ «ሰ» ማለት አይችሉም። «ሰኞ» አይሉም፣ «ሸኞ» ነው። «ሳን ዶናቶ» አይሉም፣ «ሻን ዶናቶ» ነው። የነሱ ሴቶች ገበያ ቀን ወደኛ ወጥተው ዶሮ ይዘው «ስንት ነው?» ሊሉ ሲሞክሩ ምን እንደሚሉ እናንተው ሞክሩት። እኛ ልጆቹ ሆን ብለን ባዶ ቅርጫት ይዘን አጠገባቸው እንቆም ነበር፣ እንዲጠይቁን። ሲጠይቁን «ከዛፉ ጀርባ ነው!» ብለን እንፈረጥጣለን።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ያለሱ ታሪኩ አይገባችሁም። እኛ መንደር ከሦስት ወንድ አንዱ ዶናቶ ነው። አደባባይ ቆማችሁ «ዶናቶ!» ብላችሁ ብትጮሁ ካርታ የሚጫወተው ሰው ግማሹ ይዞራል። ስለዚህ ሁሉም ቅጽል አለው፦ ዶናቶ አፍንጫው፣ ዶናቶ ባለ በቅሎው፣ ዶናቶ ዝምተኛው (ይሄኛው አፉ ተዘግቶ አያውቅም)። ቅጽል የሌለው ዶናቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቅዱሱ። አንድ ሰው ዝም ብሎ «ዶናቶ» ካለ ጸሎት ላይ ነው ማለት ነው።

አክስቴ ደግሞ ያን ክረምት ሥራዋ «ዶናቶ» ማለት ሆነ። ልብስ ስታሰጣ «ዶናቶ…»፣ ድንች ስትልጥ «ዶናቶዬ…»፣ መስኮት ላይ ተደግፋ ወደ ወንዙ እያየች «አይ ዶናቶ» ብላ ትተነፍሳለች። ቅጽል የለ ምን የለ።

አያቴ ይሄን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል። እሱ ኮርቻ ሰፊ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የቅዱሱን ሐውልት በበዓሉ ቀን የሚሸከሙት ሰዎች አለቃ ነው። «ይቺ ልጅ ቅድስና ገብቶባታል» ይላል ለጎረቤት። «ሌላው ሰው ሴት ልጁን ከወንድ ይጠብቃል፣ እኔ ከጸሎት ብዛት ነው የምጠብቃት።»

እና ያ ቀን መጣ። ድልድዩ ጋ ያለችው ጸሎት ቤት የሁለቱም መንደር ናት፤ ቁልፏ ሁለት ነው፣ አንዱ እኛ ጋ፣ አንዱ እነዚያ ጋ አለ። ያኔ «እድሳት ላይ ናት» ተብሎ ተዘግታ ነበር። አክስቴ የመብራቱን ዘይት ልቀይር ብላ ስትወርድ ይዛኝ ወረደች፤ በሩ ላይ አቆመችኝና፦

«ኡባልዶ፣ የኔ ማር፣ ሰው ከመጣ አፏጭ፣ እሺ?» አለችኝ።

«ለምን?»

«ጸሎቴን እንዳያቋርጡኝ።»

በእጄ ከረሜላ አስያዘችኝ። አሁን ሳስበው ሰው ለመጸለይ ዘበኛ አያቆምም፤ ያኔ ግን ከረሜላዋ የሎሚ ነበረች፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ከረሜላው ሲያልቅ በቁልፉ ቀዳዳ አየሁ። አክስቴ ሐውልቱ ፊት ቆማለች። ከሐውልቱ ኋላ መሰላል ወደ ላይ ቆሟል፤ ቅዱሱ ወደ ሰማይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ነው አልኩ፣ ሌላ ምን ይሆናል። የኖራ ሽታ አለ። የሲጋራም ሽታ አለ። ቅዱሳን እንደሚያጨሱ ያን ቀን አወቅኩ።

«ኦርቴንሺያ፣ ሽሚኝ» አለ ድምፁ፣ ከሐውልቱ በኩል።

ጸጉሬ ቆመ።

«በመሽከረም እወሽድሻለሁ።»

«እውነትህን ነው?» አለች አክስቴ።

«በቅዱሹ እምላለሁ!»

በራሱ ማለ። በማን ይማልላት ታዲያ።

«ዶናቶዬ፣ ቶሎ ውሰደኝ በቃ። እዚያ ቤት ልታፈን ነው።»

«ትንሽ ብቻ ታገሺ። ለሸው እንዳትናገሪ።»

ከዚያ ሳቀ። ከዚያ አክስቴም ሳቀች። ወደ መሰላሉ ዞር ስትል ከቀዳዳው ጠፋችብኝ።

እናንተ ትስቃላችሁ። እኔ ግን እዚያው በር ላይ ቁጭ አልኩ። እኛ መንደር «ተወሰደ» ማለት አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ሴት አያቴን «በመስከረም ጌታ ወሰዳት» ነው የሚሏት። የጎረቤታችንን ሕፃን «መልአክ ወሰደው» ነው የሚሉት። እናቴ ጀርመን ናት፣ የሚያጥበኝ፣ የሚያበላኝ፣ ስሰርቅ የሚመታኝ፣ ስታመም የሚያለቅስልኝ ሰው አክስቴ ብቻ ናት። እሷን ከወሰደ እኔ ከአያቴና ከኮርቻ ጋር ቀረሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥበቃ ጀመርኩ። ውጭ ስትወጣ ቀሚሷን ይዤ እከተላለሁ። ከሰዓት ጋደም ስትል እግሯን ከአልጋው እግር ጋር በኮርቻ ክር አስሬ እኔ በሩ ላይ እተኛለሁ። ሳታውቅ ተነስታ በግንባሯ ከቁም ሳጥኑ ጋር ስትጋጭ «አየሽ፣ ሊወስድሽ ሲል አስቀረሁሽ» ብዬ በሆዴ ኮራሁ። በጥፊ አለችኝ፤ ቻልኩት።

የባሰው ደግሞ ጨርቁ ነው። ሳጥን አውጥታ ነጭ በነጭ የተልባ እግር አንሶላ መስፋት ያዘች። እኔ ነጭ አንሶላ ሬሳ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም፤ የኛ አልጋ አንሶላ ቡናማ ነበር፣ ምናልባት በኔ ምክንያት። ጠርዙ ላይ በሰማያዊ ክር ሁለት ፊደል ትጠልፋለች፤ የሷን ስም መጀመሪያና የዶናቶን መጀመሪያ። አያቴ አያትና «ራሷን ለቅዱሱ ሰጠች» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። የሙሽራ ጨርቅ መሆኑን ሁለታችንም አላወቅንም። እሱ ሽማግሌ ነው፣ እኔ ልጅ ነኝ፤ ሁለታችንም ወንዶች ነን።

ታዲያ ያን እሁድ ምሳ ላይ አያቴ «የኛ ቅዱስ» እያለ ሲያቅራራ አልቻልኩም፣ አፌ አመለጠኝ። «የኛ አይደለም፣ ‘ሽ’ ነው የሚለው» አልኩ። ጠቡ እዚህ ላይ ነው የተነሳው።

«ሌላ ምን አለ?» አለኝ አያቴ፣ ከንዴቱ ትንሽ ሲበርድ። «ሽሚኝ ካለ በኋላ ምን አለ?»

አክስቴን አየኋት። ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«በመስከረም ኦርቴንሲያን እወስዳታለሁ አለ» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅኩት። «ውሰደኝ አለችው! እሷ ራሷ!»

አያቴ ቁጭ አለ። ተቀምጦ ነበር፣ ግን እንደገና ቁጭ አለ፣ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ሰውነቱ ወንበሩ ላይ ወረደ። የ«ሽ»ን ነገር ረሳው። «በመስከረም…» አለ፣ በቀስታ። «እናቷም በመስከረም ነው።»

ዶን ቼሌስቲኖ የአፍ መጥረጊያውን አወረደ። ያኔ ፊቱ የቀላው በወይን መስሎኝ ነበር። ለካ ጸሎት ቤቱን የሚያድሰውን ልስን ሠራተኛ ከታች መንደር የቀጠረው እሱ ራሱ ኖሯል፤ ስሙንም፣ ሲጋራውንም፣ የሚወዳትንም ያውቃል።

«ኤውስታኪዮ» አለ ለአያቴ፣ «ይሄ ነገር ምናልባት… መውሰድ ስንል…»

አክስቴ ከአያቴ ኋላ ሆና ሁለት እጇን አጣምራ ለመነችው። ዶን ቼሌስቲኖ እሷን አየ፣ አያቴን አየ፣ ወይኑን አየና ጠጣው። «እንጸልይ» አለ።

ከዚያ በኋላ እንደመጣው ነሐሴ ያለ ወር በቤታችን ታሪክ ታይቶ አያውቅም። ሴት ልጁን «አንቺ» ብሎ ብቻ ይጠራ የነበረው አያቴ «ኦርቴንሲያዬ» ማለት ጀመረ። ባልዲ ስታነሳ ይቀማታል። ጠዋት ጠዋት ከዛፉ በለስ ይለቅምና፣ በዚያ ቆዳ በሚበሳ ጣቱ ልጣጩን በቀስታ አውልቆ ያጎርሳታል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትውጣለች። ስትውጥ እሱ ዞር ብሎ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። አክስቴ ወፈረች። «በሽታው እያሳበጣት ነው» አለኝ አያቴ በጆሮዬ።

አሁን እኔ በሦስት ጎማ መኪናዬ ሐብሐብ እየዞርኩ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን አልታረቅንም። ታች መንደር ስወርድ አክስቴ ቤት ነው የማርፈው። ልጆቿ ግቢው ውስጥ እየተሯሯጡ «ሐብሐብ ሽንት ነው?» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ከዛፉ ጀርባ እልካቸዋለሁ። አንድ ቀን ጠየቅኳት፦

«አንቺ፣ ያኔ ለአያቴ ለምን እውነቱን አልነገርሽውም? ሰውዬው እኮ አለቀ።»

«ፈራሁ» አለች መጀመሪያ። ከዚያ እንደ ማፈር ብላ፣ «ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በለስ ልጦልኝ ያውቃል? ትንሽ ልብላ ብዬ ነው» አለች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አያቴ ጺሙን ተላጨ። የበዓሉን ቀይ መጎናጸፊያ ትከሻው ላይ አደረገ። «ና» አለኝ፣ «ቅዱሱን የሰማኸው አንተ ነህ»። በቀትር ፀሐይ ወደ ድልድዩ ወረድን። ጸሎት ቤቱ በር ላይ ዶን ቼሌስቲኖን አገኘነው፤ እድሳቱን ሊያይ መጥቷል። አያቴን በመጎናጸፊያው ሲያየው ደነገጠ።

«ኤውስታኪዮ፣ ቆይ፣ ዛሬ አይመችም…»

«ከሱ ጋ ነው ጉዳዬ፣ ካንተ ጋ አይደለም» ብሎ አልፎት ገባ።

ሐውልቱ ፊት ተንበረከከ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማኝ። የኖራው ሽታ እንዳለ ነው፣ የሲጋራውም። መሰላሉም አለ።

«ስማ» አለ አያቴ ለቅዱሱ። አነጋገሩ በቅሎ ተራ ዋጋ የሚከራከር ሰው ይመስላል። «በየዓመቱ ትከሻዬ ላይ አውጥቼሃለሁ። ከባድ ነህ። አንድ ቀን ከባድ ነህ ብዬህ አላውቅም። ‘ሽ’ ማለትህንም ሰምቻለሁ፣ ይሁን፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ሚስቴን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ። ይቺን ግን ተዋት። የምትፈልገውን በል፤ ምንም ይሁን ምን፣ በዚህ ቄስ ፊት እምላለሁ፣ ከሞት ትቅር እንጂ ምንም ብትለኝ እሺ ነው። ሰው ካስፈለገህ ደግሞ እኔ አለሁ። እኔን ውሰደኝ።»

ከታች የወንዙ ድምፅ ብቻ።

«እርሽዎን?» አለ ድምፁ።

አያቴ ቀና አለ።

«ኧረ እኔ እርሽዎን ወሽጄ ምን ላደርግ!»

አያቴ ወደኔ ዞረ። «እውነትም ‘ሽ’ ይላል» አለ፣ ፍርሃትም ቅሬታም ባለበት ድምፅ።

ወዲያው ከኋላ ባልዲ ተንከባለለ፣ መሰላሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከራሱ እስከ ጫማው ነጭ የሆነ ሰው ከሐውልቱ ጀርባ ወጣ። እኔ የአያቴን እግር አቅፌ ጮህኩ። አያቴ አማተበ። ነጩ ሰውዬ ኮፍያውን ሲያወልቅ ከስሩ ጥቁር ጸጉር ብቅ አለ።

«አባባ፣ አይፍሩ፣ ሸው ነኝ» አለ። «ዶናቶ ነው ሽሜ።»

«የቱ ዶናቶ?» አለ አያቴ ከልማድ።

«ልሽን የምሸራው። የታች መንደሩ።»

በዚህ መሀል አክስቴ ደረሰች። ቤት ስትገባ ባዶ፣ መጎናጸፊያው ከመስቀያው የለም፤ ገብቷታል። ስትሮጥ አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀርቷል። ኖራ የለበሰውን ሰውዬ፣ የተንበረከከውን አባቷን፣ የማለቅሰውን እኔን አየች።

«አባባ፣ ተነስ» አለች። «አልሞትም። ላገባ ነው።»

«ማንን?»

«እሱን ነዋ! ቅዱሱን ላገባ ነው?»

«ልትሞቺ አልነበር እንዴ?»

«ጤነኛ ነኝ፣ አባባ። እንዲያውም በበለስ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።»

አያቴ እኔን ተደግፎ ተነሳ። እጁ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። አክስቴን ከላይ እስከታች አያት፣ ግንባሯን ነካ፣ ትኩሳት እንደሚፈልግ። ትኩሳት የለም። ተነፈሰ፤ ያን ክረምት ሙሉ ደረቱ ውስጥ ይዞት የነበረውን አየር በሙሉ ያወጣው መሰለኝ። ዓይኑ ሞላ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ፤ አክስቴ አትሞትም። እግሯ ላይ ተጠመጠምኩ።

ከዚያ አያቴ ዓይኑን ጠርጎ ሰውዬውን ማየት ጀመረ።

«እስቲ ‘ሳን ዶናቶ’ በል።»

ልስን ሠራተኛው አክስቴን አየ። ምራቁን ዋጠ። ከንፈሩን አስተካከለ። ላብ በኖራው ላይ መስመር ሠራ።

«ሻን ዶናቶ» አለ።

አያቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ኤውስታኪዮ!» አለ ዶን ቼሌስቲኖ፣ አሁን ሳቁን መደበቁን ትቶ። «አሁን በኔ ፊት ማልክ እኮ! ከሞት ትቅር እንጂ ምንም ይሁን አልክ። ልጅህ በሕይወት አለች፣ ሰውዬው ሠራተኛ ነው፣ ይወዳታል። እንግዲህ ምረጥ፤ በመስከረም ትሙትብህ ወይስ ታች መንደር ትግባ?»

አያቴ መጎናጸፊያውን አስተካከለ። በክፍቱ በር ታች መንደርን አየ፤ የቤቶቹን ጣሪያ፣ የተሰጣውን ልብስ፣ በአደባባዩ የሚያልፉትን ሰዎች። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረ።

«እስከ እሁድ ላስብበት» አለ።